የድሮ ስፖርት መኪና ሻንሲን ማጠንከርና የፔዳል ሥርዓቱን መለወጥ፦ ከልኬት እስከ ፍተሻ

የድሮ ስፖርት መኪና ባለቤቶች ደጋግመው ከሚያነሷቸው ቅሬታዎች አንዱ የፍሬን ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይላላል የሚለው ነው። ጎሚኒዎቹ ይቀየራሉ፣ የፍሬን ዘይቱ ይታደሳል፣ አየሩ ሦስት ጊዜ ይወጣል፤ ፔዳሉ ግን ያው ነው። እንዲህ ሲያጋጥም አንድ ረዳት ፔዳሉን በኃይል እንዲረግጥ ያድርጉና እርስዎ ኮፈኑን ከፍተው ማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) የታሰረበትን ላሜራ በጣትዎ ጫፍ ይንኩት። በብዙ መኪኖች ላሜራው ወደፊት ሲገፋና ሲመለስ በግልጽ ይሰማዎታል። በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ እግር 500 ኒውተን ያህል ቢገፋና ፔዳሉ ይህንን ጉልበት በ5 ቢያባዛው፣ ማስተር ሲሊንደሩ ላይ የሚያርፈው ኃይል 2500 ኒውተን ይሆናል፤ ይህም ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ቆርቆሮ ላይ 250 ኪሎ ግራም ገደማ እንደ ማንጠልጠል ነው።

ስለዚህ በዚህ መመሪያ ሻንሲ (መኪናውን የሚሸከመው አጽም) ማጠንከርና ፔዳል መለወጥ እንደ አንድ ሥራ ይታያሉ። ጥሩ የፔዳል ስብስብ ገዝቶ በላላ ግድግዳ ላይ ማሰር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሻንሲውን አጠንክሮ የፔዳሉን አቀማመጥ እንደነበረ መተውም መኪናው ሊሰጥ የሚችለውን ግማሹን ብቻ መቀበል ነው።

ከመነሳትዎ በፊት የመኪናዎን አሠራር ይወቁ

በፈረንጆች አቆጣጠር የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ቀላል ስፖርት መኪኖች በአሠራራቸው አንድ ዓይነት አይደሉም። በ1957 የወጣው ሎተስ ሰቨን ከቀጫጭን የብረት ቱቦዎች የተበየደ ፍሬም ሲኖረው፣ በ1962 የወጣው ሎተስ ኤላን ከፊትና ከኋላ እንደ ሹካ የሚከፈል የብረት አከርካሪ በመኪናው መሐል አለው፤ አካሉም ፋይበርግላስ ነው። በዚያው ዓመት የመጣው ትራያምፍ ስፒትፋየር አካሉ በተለየ ሻንሲ ላይ የሚታሰር ሲሆን፣ የእርሱ እኩያ የሆነው ኤምጂቢ ግን የተለየ ሻንሲ ስለሌለው ጥንካሬው የሚመጣው ከበሮቹ ሥር ካሉት የላሜራ ሣጥኖችና ከወለሉ ነው። በቱቦ ፍሬም ላይ ትክክል የሆነው ማጠንከሪያ በላሜራ ሣጥን ላይ ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ ቱቦ በጫፎቹ ኃይል እንዲሸከም የተሠራ ነው፣ ላሜራ ግን ኃይሉ በሰፊው ካልተበተነለት ይቀደዳል።

ሕጉንም አስቀድመው ያጣሩ። በብዙ አገሮች የፍሬን ወይም የሻንሲ ለውጥ የባለሙያ ማረጋገጫና አዲስ ምርመራ ይጠይቃል። መኪናውን በታሪካዊ ውድድር ላይ ለማሰለፍ የሚያስቡ ከሆነ ደግሞ፣ የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ደንብ መኪናው በዘመኑ የነበረውን አሠራር እንዲይዝ ስለሚያስገድድ፣ አንድ የተጨመረ ቱቦ እንኳ ከውድድር ሊያስወጣ ይችላል። በእኔ እምነት የሚሻለው መንገድ፣ በተቻለ መጠን ለውጡ ወደ ኋላ ሊመለስ የሚችል እንዲሆን ማድረግና የወጡትን የመጀመሪያ ዕቃዎች አንድም ሳይጥሉ ጽፎባቸው ማስቀመጥ ነው።

ልኬት

መኪናውን በውኃ ልክ በተረጋገጠ ወለል ላይ፣ በአራት ካቫሌቶዎች (የመኪና መደገፊያ እግሮች) ያቁሙ። ካቫሌቶዎቹ የተንጠልጣዩ (ጎማዎቹን የሚይዘው የሞላ ሥርዓት) ክፍሎች ከሻንሲው ጋር በሚገናኙበት አካባቢ መሆን አለባቸው፤ መሐል ላይ ከተደረጉ ሻንሲው በራሱ ክብደት ይጎብጥና ልኬቱ ሁሉ ይሳሳታል። ከዚያ ከፊትና ከኋላ የተንጠልጣይ ማሰሪያ ቀዳዳዎች ቱንቢ እየጣሉ ነጥቦቹን ወለሉ ላይ ምልክት ያድርጉ፣ የመሐል መስመር በኖራ ክር ይምቱ፣ ሰያፎቹንም ይለኩ። የግራና የቀኙ ሰያፍ ልዩነት ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ፣ ከማጠንከር በፊት ማቅናት ይቀድማል። የተጣመመ ሻንሲን ማጠንከር መጣመሙን ለዘላለም ማተም ነው።

ሁለተኛው ልኬት ቀላል ነው። በሮቹ በቦታቸው እያሉ የበሩን ክፍተት ከላይና ከታች በስስ መለኪያ ይለኩና ይጻፉ፤ ከዚያ አንዱን የፊት ማዕዘን በክሪክ ብቻ ያንሱና ደግመው ይለኩ። የክፍተቱ ለውጥ ሻንሲው ምን ያህል እንደሚጠማዘዝ ይናገራል። ሥራው ሲያልቅ በዚያው ነጥብ፣ በዚያው ከፍታ ሲደግሙት ለውጡ ካልቀነሰ ክብደት ብቻ ጨምረዋል ማለት ነው።

ዝገትን በዓይን ሳይሆን በመዶሻ ጫፍ ይፈልጉት። ጤናማ ቱቦ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተበላው ግን ዶፍ ይላል። በተለይ ቱቦዎች የሚገናኙባቸውና ውኃ የሚያጠራቅሙ ዝቅ ያሉ ማዕዘኖች በጥርጣሬ መታየት አለባቸው።

ተቀምጦ መለካት

የፔዳሉን ቦታ የሚወስነው ወንበሩ ነው። የሚጠቀሙበትን ወንበር በመጨረሻው ቦታው ካሰሩ በኋላ፣ ሲነዱ የሚያደርጉትን ጫማ አድርገው ይቀመጡ። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ሲረግጡ ጉልበትዎ አሁንም ትንሽ ታጥፎ መቅረት አለበት፤ ቀጥ ካለ ፔዳሉ ሩቅ ነው፣ ጉልበትዎ መሪውን ከነካ ደግሞ ቅርብ ነው። ፔዳሉን የሚያገኘው ከጣቶቹ ሥር ያለው የእግር ክፍል እንጂ የውስጥ እግር መሐል አይደለም።

ቁመተ ረጅም ሰዎች በእነዚህ ጠባብ መኪኖች ሁልጊዜ የሚሠሩት ስሕተት የፔዳሉን ክንድ ማሳጠር ነው። ከመዞሪያ ፒኑ እስከ ፔዳሉ መሐል 300 ሚሊ ሜትር፣ ከፒኑ እስከ ገፊው ዘንግ (ማስተር ሲሊንደሩን የሚገፋው) ደግሞ 60 ሚሊ ሜትር ከሆነ ብዜቱ፣ ማለትም ፔዳሉ የእግርን ጉልበት የሚያባዛበት ልክ፣ 5 ነው። ክንዱን ወደ 270 ሚሊ ሜትር ሲያሳጥሩት ብዜቱ 4.5 ይሆናል፣ ለዚያው ፍሬንም እግር 11 በመቶ ያህል ጨምሮ መግፋት ይኖርበታል። ቦታ ካስፈለገ የሚንቀሳቀሰው መላው ስብስብ ከነመዞሪያ ፒኑ እንጂ የክንዱ ጫፍ ብቻ መሆን የለበትም።

ከብረት በፊት በካርቶንና በእንጨት ይሥሩት። ሦስቱን ፔዳሎች ከወፍራም ካርቶን ቆርጠው በእንጨት ዘንግ ላይ ያስሩና ለአንድ ቀን ያህል እየወጡ እየገቡ ይሞክሩት። በዚህ ጊዜ የሚታዩት ነገሮች በሥዕል ላይ ፈጽሞ አይታዩም፦ የጫማው ጎን ከማርሽ ሣጥኑ መሸፈኛ ጋር ይፋተጋል፣ የግራ እግር ከፍሪሲዮን ውጭ የሚያርፍበት ቦታ የለውም፣ የመሪው ዘንግ የቀኝ ቁርጭምጭሚትን ይመታል። ፍሬን እየረገጡ በዚያው እግር ጎን ነዳጅ መስጫውን ነካ አድርገው ማርሽ ዝቅ ማድረግ የሚፈልጉ ከሆነ፣ የሁለቱ ፔዳሎች ከፍታ መስተካከል ያለበት ፍሬኑ ባልተረገጠበት ሳይሆን በኃይል በተረገጠበት ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ የፍሬኑ ፔዳል ከነዳጅ መስጫው ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ቢገኝ ይመቻል። በዕረፍት ላይ እኩል የነበሩ ፔዳሎች በእውነተኛ ፍሬን ጊዜ እግሩን ሳያስቡት ነዳጅ ያስረግጣሉ፤ ይህም አደጋ ነው።

የብዜትና የማስተር ሲሊንደር ምርጫ

ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩ አብዛኞቹ ስፖርት መኪኖች አንድ ማስተር ሲሊንደርና አንድ የዘይት መስመር ብቻ ነበራቸው፤ አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማዎች ፍሬን ያጣሉ። የአሜሪካ ሕግ ከጥር 1968 በፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ በአዲስ የቤት መኪኖች ላይ የተከፈለ መስመር እንዲኖር ያስገደደው በዚሁ ምክንያት ነው። ፔዳሉ ከወጣ አይቀር፣ ይህን ሳይቀይሩ መልሶ መግጠም አይመከርም።

ሁለት አማራጮች አሉ። አንደኛው በአንድ አካል ውስጥ ሁለት ፒስተን ያለው ባለ ድርብ ማስተር ሲሊንደር ነው፤ ሌላው ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ማስተር ሲሊንደሮችና በመካከላቸው ጉልበቱን የሚያካፍል ማመጣጠኛ ዘንግ ነው። መንገድ ላይ ብቻ ለሚነዳ መኪና የመጀመሪያው ይበቃል፤ ቀላል ነው፣ የሚሳሳትበት ነገርም ጥቂት ነው። ማመጣጠኛ ዘንግ የሚያስፈልገው የፊትና የኋላ ፍሬኖቹ ተለውጠው ክፍፍሉን ራሱ ማስተካከል ለሚገባው ባለቤት ነው። ብዙ ሰው ግን ለመልኩ ሲል ይገጥመዋልና የሚቀጥለው ስሌት ስለ እርሱ ነው።

ሰርቮ (የእግርን ጉልበት የሚያግዝ መሣሪያ) የሌለው ፍሬን ከ5 እስከ 6 የሚደርስ ብዜት ይፈልጋል፣ ሰርቮ ያለው ደግሞ ከ4 በታችም ሊበቃው ይችላል። ብዜት ሲጨምር እግር ይቀልለዋል፣ የፔዳሉ ጉዞ ግን ይረዝማል፤ በ5 ብዜት የማስተር ሲሊንደሩ ፒስተን 15 ሚሊ ሜትር እንዲሄድ ፔዳሉ 75 ሚሊ ሜትር መውረድ አለበት።

የሲሊንደሩን ስፋት በተመለከተ የተለመደው ስሕተት ትልቅ ማስተር ሲሊንደር የበለጠ ፍሬን ይሰጣል ብሎ ማሰብ ነው። ነገሩ በተቃራኒው ነው። እግር በ300 ኒውተን ሲገፋና ብዜቱ 5 ሲሆን 1500 ኒውተን ይገኛል፤ ማመጣጠኛው መሐል ላይ ከሆነ እያንዳንዱ ሲሊንደር 750 ኒውተን ይደርሰዋል። ውስጠኛ ስፋቱ 15.9 ሚሊ ሜትር የሆነው ሲሊንደር በዚህ ኃይል 38 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል፣ 17.8 ሚሊ ሜትሩ 30 ባር ገደማ፣ 19 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ 26 ባር ብቻ። ትንሹ የበለጠ ይገፋል፣ ነገር ግን ያንኑ የዘይት መጠን ለማንቀሳቀስ ረዘም ያለ ጉዞ ይሄዳል። ስለዚህ የካሊፐሮቹ (ዲስኩን ጨምቀው የሚይዙት የፍሬን ክፍሎች) ፒስተኖች ትልልቅ ሲሆኑ ትንሽ ማስተር መምረጥ ፔዳሉን ወለል ሊያስነካው ይችላልና ሁለቱንም ስሌት፣ የግፊቱንም የጉዞውንም፣ በወረቀት ላይ ሳይጨርሱ ዕቃ አይግዙ።

ለብየዳ ማዘጋጀት

ባትሪው ይወጣል፣ ጄኔሬተሩ ወይም ኦልተርኔተሩ ይፈታል፣ የነዳጅ ታንኩና የነዳጅ ቱቦዎቹም ከነጭራሹ ከመኪናው ይወገዳሉ። ባዶ ታንክ ከሙሉ ታንክ የበለጠ አደገኛ መሆኑን የሚዘነጉ ብዙዎች ናቸው፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነውና። ከብየዳው ቦታ ቢያንስ 100 ሚሊ ሜትር ዙሪያውን ቀለሙና ቅባቱ ተፍቆ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ይጸዳል፤ ሥራው ካለቀ በኋላም ለአንድ ሰዓት ያህል ከመኪናው አጠገብ አይራቁ፣ የምንጣፍ ጭስ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው።

አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ አለ። አንዳንድ የጥንት የቱቦ ፍሬሞች የተያያዙት በኤሌክትሪክ ብየዳ ሳይሆን በነሐስ ነው። በመገጣጠሚያው ላይ ወርቅማ ቀለም ከታየ በዚያ ላይ በሚግ ወይም በቲግ (ሁለቱም የኤሌክትሪክ ብየዳ ዓይነቶች ናቸው) መበየድ አይቻልም፤ የቀለጠው ነሐስ በጋለው ብረት ቅንጣቶች መካከል ሰርጎ ይገባና ብየዳው ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ወይ በነሐስ ይጠገን፣ ወይ ቱቦው ከመገጣጠሚያው ርቆ ተቆርጦ ይለወጥ።

ሻንሲውን ማጠንከር

የክብሪት ሣጥን መሳቢያ ያውጡና ማዕዘኑን በጣት ይጫኑት፤ ወዲያው ይንጋደዳል። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን አንድ ክር በሰያፍ ወጥረው ሲያጣብቁ ግን በዚያ በኩል መንጋደዱን ያቆማል። ሻንሲ የማጠንከር ሥራ በአመዛኙ ይኸው ነው። አራት ማዕዘን ሆነው ክፍት የቀሩ ቦታዎች ይፈለጋሉ፣ በተለይ ሞተሩ ያለበት፣ የእግር ቦታውና ከወንበሮቹ ኋላ ያለው፤ እነዚህም በሰያፍ ቱቦ ወደ ሦስት ማዕዘንነት ይለወጣሉ። ሰያፍ ቱቦ ማለፍ በማይችልበት ቦታ፣ ለምሳሌ በእግር ቦታው ጎን፣ ላሜራ ዙሪያውን በማጣበቂያና በሪቬት ሲያያዝ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ቱቦው ከነባሩ ጋር የሚቀራረብ መሆን አለበት። ነባሩ ባለ 25.4 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ሆኖ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ 1.2 ወይም 1.6 ሚሊ ሜትር ይበቃል። በ3 ሚሊ ሜትር ቱቦ ማጠንከር ጥንካሬ ይመስላል እንጂ ኃይሉን ሁሉ ከወፍራሙ ጫፍ አጠገብ ባለው ቀጭን ቱቦ ላይ ያከማችበታል፤ ስንጥቁም እዚያው ይጀምራል። ሰያፉ የሚያርፈው ሌሎች ቱቦዎች በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ነው። በአንድ ቱቦ መሐል ላይ የተበየደ ሰያፍ ያንን ቱቦ ያጎብጠዋል እንጂ አይረዳውም።

በሮች ሥር ያለውን ሣጥን መቁረጥ ካስፈለገ፣ ከመቁረጡ በፊት በበሩ ክፍተት ውስጥ የሚስተካከል ደጋፊ ዘንግ ይግባ። ብየዳው ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ከግራ፣ ከዚያ 25 ከቀኝ፣ ቀጥሎ ከኋላ፣ እንዲህ እየተዘዋወረ ይሠራል፤ ብረቱ በእጅ ሲነካ እስኪቻል ድረስም ይጠበቃል። በየጥቂት ብየዳው ሰያፎቹን ደግመው ይለኩ። ትዕግሥት የሌለው በያጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሻንሲውን 5 ሚሊ ሜትር ሊያጣምመው ይችላል።

በቱቦላሬ ውስጥ አልፎ የሚጠብቅ ብሎን ሁሉ ቱቦው እንዳይጨፈለቅ በውስጡ ተበይዶ የሚያልፍ ቁራጭ ቱቦ ያስፈልገዋል። ይህ ትንሽ ነገር ነው፣ ነገር ግን ካልተደረገ ብሎኑ በየጊዜው ይላላል፣ ባለቤቱም በየጊዜው እያጠበቀ ቱቦውን ጠፍጣፋ ያደርገዋል። በመጨረሻ የተዘጉት ክፍሎች ውስጣቸው በሰም ይረጫል፣ ከታችም የውኃ መውጫ ቀዳዳ ይተውላቸዋል።

የፔዳሉ መሠረት

የመመሪያው እምብርት እዚህ ነው። የፔዳሉ ስብስብና ማስተር ሲሊንደሮቹ በአንድ ሳህን ላይ መታሰር አለባቸው፤ ፔዳሉ ወለል ላይ፣ ማስተሩ ደግሞ ግድግዳ ላይ ከሆኑ፣ በተረገጠ ቁጥር ሁለቱ ይራራቃሉ። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጠርዙ ወደ ጎን የታጠፈ የብረት ሳህን ከበቂ በላይ ነው፤ ዋናው ጥያቄ ሳህኑ ኃይሉን ወዴት ይወስደዋል የሚለው ነው። ቢያንስ ሁለት የሻንሲ ቱቦዎችን መያዝና ከላይኛው ጠርዙ ወደ መሪው ዘንግ መያዣ ወይም ወደ ላይኛው ቱቦ የሚሄድ ሰያፍ ደጋፊ ሊኖረው ይገባል። በፋይበርግላስ አካል ላይ ከሆነ ደግሞ ፋይበርግላሱ በሁለት ሳህኖች መካከል መታቀፍና ኃይሉ በደጋፊ ወደ ብረቱ መሻገር አለበት። የአሉሚኒየም ስብስብ በብረት ላይ ሲታሰር በመካከሉ ማሸጊያ ቅባት ይደረግ፣ ያለዚያ እርጥበት ሲገባ አሉሚኒየሙ ይበላል።

ማሰሪያዎቹ ደረጃቸው 8.8 የሆነ ኤም 8 ብሎኖች ቢሆኑ ይበቃል፤ 25 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠብቃሉ። ኃይሉን የሚቀበለው ጥርስ የሌለው የብሎኑ ክፍል እንዲሆን ርዝመታቸውን ይምረጡ። የፔዳሉ መዞሪያ ፒን በነሐስ ቡሽ ውስጥ ይዙር፣ ጫፉም በኮፒሊያ ወይም ራሱን በሚቆልፍ ዳዶ ይያዝ። ክብደት ለመቀነስ ሲባል የፍሬን ክንድ ላይ ቀዳዳ መብሳት አያስፈልግም፤ የሚቀነሰው ጥቂት ግራም ነው፣ የሚታጣው ግን የማይተካ ሊሆን ይችላል።

ቀለም ከመቀባቱ በፊት ፍተሻ ይደረግ። የቤት ውስጥ የሰው ሚዛን በእግርና በፍሬን ፔዳሉ መካከል ተይዞ፣ ረዳትዎ ሚዛኑ 50 ኪሎ ግራም እስኪያሳይ ይግፋ፤ እርስዎ ደግሞ ኮምፓራተር የሚባለውን ባለ ሰዓት መለኪያ ሻንሲው ላይ አስረው ጫፉን በማስተሩ ማሰሪያ ላይ ያሳርፉ። ሳህኑ 1 ሚሊ ሜትር ከተንቀሳቀሰ በ5 ብዜት እግር ሥር 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እኔ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ካየሁ ደጋፊ እጨምራለሁ።

ገፊ ዘንጎችና ማመጣጠኛው

ገፊ ዘንጉ ማስተሩን ሳይገፋ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ ጉዞ ይኑረው። ይህ ባዶ ጉዞ ከሌለ ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፣ ዘይት ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስበት ትንሽ የማካካሻ ቀዳዳም ተዘግቶ ይቀራል። በመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ፔዳሉ ቶሎ እንዲይዝልኝ ብዬ ይህን ክፍተት ዜሮ አደረግሁት። ግቢ ውስጥ ሲሞከር ግሩም ነበር። ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሄድኩ በኋላ ግን መኪናው እየከበደ መጣ፣ ዘይቱ ሲሞቅ ሰፍቶ መውጫ አጥቷልና ፍሬኑ ራሱን ያዘ፣ የፊት ዲስኮቹም ጨሱ። መንገድ ዳር ቆሜ የማስተሩን ማሰሪያ ዳዶዎች አንድ ዙር ሳላላቸው ጎማዎቹ ወዲያው ተፈቱ፤ ጥፋቱም የእጄ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

በማመጣጠኛ ዘንግ ላይ፣ መሐለኛው ኳስ መሰል መጋጠሚያ ወደ አንዱ ሹካ (ገፊ ዘንጉ የሚያያዝበት ጫፍ) በቀረበ ቁጥር ያ ወገን ብዙ ጉልበት ያገኛል። በሹካዎቹ መካከል 64 ሚሊ ሜትር ካለ፣ መጋጠሚያውን ከመሐል 3 ሚሊ ሜትር ወደ ፊተኛው ማስጠጋት የፊቱን ድርሻ ከ50 ወደ 55 በመቶ ገደማ ያደርሰዋል። የገፊዎቹ ርዝመት የሚስተካከለው ፔዳሉ በኃይል ሲረገጥ ዘንጉ ለፔዳሉ ቀጥ ብሎ እንዲገኝ ነው። ሹካዎቹም በጎናቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነፃነት ሊኖራቸው ይገባል፤ ከተጣበቁ አንዱ መስመር ሲፈነዳ ዘንጉ ሊጋደል ስለማይችል ሁለተኛውም አይሠራም፣ የሁለት መስመር ትርጉሙም ይጠፋል።

ቱቦ፣ ዘይት፣ ፍሪሲዮንና ነዳጅ መስጫ

ለፍሬን የውጭ ስፋቱ 4.75 ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብና ኒኬል ቅልቅል ቱቦ ለመታጠፍ ይመቻል፣ አይዝግምም። ንጹሕ መዳብ በንዝረት እየጠነከረ ስለሚሰነጠቅ ቢቀር ይሻላል። ቱቦው ከጭስ ማውጫ ይራቅ፣ በየ300 ሚሊ ሜትሩም በማያዣ ይታሰር። እጅግ ጥንቃቄ የሚፈልገው የመጋጠሚያ ብሎኖቹ የጥርስ ዓይነት ነው። የድሮ የእንግሊዝ ዕቃዎች ባለ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ዩኤንኤፍ (በኢንች የሚለካ የብሎን ጥርስ) ሲሆኑ፣ አዲስ የሚገዙት ብዙ ጊዜ ኤም 10 ነው፤ በዓይን ሲታዩ አይለዩም። የኢንቹ ብሎን ወደ ኤም 10 ቀዳዳ ይገባል፣ የጠበቀም ይመስላል፤ ነገር ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚቀጥን በከፍተኛ ግፊት ጊዜ ሊነቀል ይችላል። እያንዳንዱን በካሊፐር መለኪያ ይለኩት፦ 9.5 ገደማ ከሆነ ኢንች ነው፣ ወደ 10 ከተጠጋ ሜትሪክ ነው። የቱቦው ከንፈርም ከመቀበያው ቅርጽ ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ዘይቱ ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ ቢሆን ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል፤ አዲሱ ከ230 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አይፈላም፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የተፈቀደው ዝቅተኛ ልክ 155 ዲግሪ ነው። ሲሊኮን የሆነው ዶት 5 ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። ዶት 5.1 ስሙ ቢመሳሰልም ሲሊኮን አይደለም።

ለፍሪሲዮኑ ጉዞውን ብቻ ያስሉ። 17.8 ሚሊ ሜትር ማስተር 25 ሚሊ ሜትር ሲሄድ፣ 22.2 ሚሊ ሜትር የሆነውን የታችኛውን ሲሊንደር (ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀውን) 16 ሚሊ ሜትር ያህል ይገፋል። ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሄድ ከፔዳሉ ኋላ የሚስተካከል ማቆሚያ ይደረግ። የነዳጅ መስጫውም እንዲሁ ፔዳሉ ራሱ ላይ ማቆሚያ ይፈልጋል፣ ያለዚያ የእግሩ ኃይል ሁሉ በሽቦው ላይ ያርፋል፤ የመመለሻ ሞላዎቹም ሁለት ይሁኑ።

አየር ማስወጣትና ፍተሻ

መካኒኮች ስፑርጎ የሚሉት አየር የማስወጣት ሥራ በሁለት ማስተር ሲሊንደር ላይ የፊትና የኋላ መስመር አንድ ላይ ተከፍቶ ሲሠራ ይሻላል፤ አንዱ ብቻ ሲከፈት ማመጣጠኛው ተጋድሎ ሌላኛው ፒስተን ሙሉ ጉዞውን ስለማይሄድ አየሩ አይወጣም። ከዚያ ፔዳሉን በኃይል ለአንድ ደቂቃ ይዘው ይቆዩ፣ ረዳትዎ በየመጋጠሚያው ደረቅ ወረቀት እያስነካ ይፈትሽ። ቀጥሎ ከኋላ መስመር አንድ የአየር መውጫ ብሎን ከፍተው ይርገጡ፦ ፔዳሉ ይወርዳል፣ ነገር ግን ወለል ሳይነካ የፊት ጎማዎች መያዝ አለባቸው። የፊቱን ከፍተው ደግሞ የኋላውን እንዲሁ ይሞክሩ። ይህን ፍተሻ ያላለፈ መኪና ከግቢ አይውጣ።

በጎዳና ላይ ከመውጣቱ በፊት የጎማ አቅጣጫው ይስተካከል። የመጀመሪያው ሙከራ ባዶ በሆነ ሰፊ ቦታ፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከውጭ ጎማዎቹን የሚያይ ሰው ባለበት ይደረግ። ሁልጊዜ ቀድመው መቆለፍ ያለባቸው የፊት ጎማዎች ናቸው፤ የኋላዎቹ ከቀደሙ መኪናው ይዞራል። ማመጣጠኛውን ወደ ፊት አብዝተው ይጀምሩና በግማሽ ዙር በግማሽ ዙር ወደ ኋላ ይመልሱ። እርጥብ መንገድ ላይ የተገኘው ልክ በደረቅ መንገድ ላይ ለኋላው ይበዛበታልና ለጎዳና የሚውል መኪና ከዚያ ልክ ወደ ፊት ትንሽ ተጨምሮለት ይቆለፍ፤ ማስተካከያውም ከነጂው እጅ የማይደርስ ይሁን።

ካጠበቋቸው ዳዶዎች ሁሉ ላይ፣ ከዳዶው ጀምሮ እስከ ሳህኑ የሚያልፍ ቀጭን የቀለም መስመር ያስምሩ። ከ100 ኪሎ ሜትርና ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ በባትሪ መብራት ገብተው መስመሩ የተቆረጠበትን ይፈልጉ፤ የላላው እርሱ ነው። አንዱ ከላላ ሁሉንም በልኩ ደግመው ያጥብቁ፣ ያው ዳዶ ለሁለተኛ ጊዜ ከላላ ደግሞ ከሥሩ ያለው ቱቦ እየተጨፈለቀ መሆኑን ፈትተው ይመልከቱ።